የጋሽ ሄራሞ የጫማ ካርቶኖች

ከኢምፔሪያል እስከ ጎሮ፣ ከጎሮ እስከ ቦሌ ለሚ ባለው ምድር ላይ ስለ ዓሣ እርባታ የእኔን ያህል የጠየቀ ፍጡር የለም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው፤ ግን በሰነድ የተረጋገጠ ጉራ ነው። ስለ ዓሣ እርባታ የሚጽፍ አንድ የምርምር ጆርናል በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከመቶ ጊዜ በላይ ጠይቄአለሁ። ባሕር ዳር ተቀምጦ መረብ የሚጥለው ሰው እንኳ ይህን ያህል የሚጠይቅ አይመስለኝም። ማስረጃው አርባ ሦስት ቁጥር የወንድ ጫማ በመጣበት ካርቶን ውስጥ ይገኛል። ካርቶኑን ያስቀመጡት ሰው ባለፈው ሰኞ ሞቱ።

የነገረችኝ ሲስተር ዘይነባ ናት፤ እኔ በምሠራበት ኮሌጅ አዋላጅ ነርሶችን የምታስተምር። ስልኩ ሲጮህ ኢምፔሪያል ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ታክሲው ቆሞ ከመቆየቱ የተነሳ ወያላው ወርዶ ቆሎ ገዝቶ፣ በልቶ ጨርሶ፣ እጁን አራግፎ ተመልሷል።

«ፍሬው፣ ጋሽ ሄራሞ አረፉ።»

«የትኛው ሄራሞ?» አልኩ። በዕድሜዬ የማውቀው ሄራሞ አንድ ብቻ ነው።

«ነገ ከቀትር በኋላ ነው ቀብሩ። ድንኳኑ ጎሮ እቤታቸው በር ላይ ነው። ቤተሰቡ ከሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ ሰው ትንሽ ይናገርልን ብሏል። ፍሬው ይናገራል ብያቸዋለሁ።»

«ለምን እኔ?»

«ዘጠኝ ዓመት አንድ ክፍል አብረሃቸው የተቀመጥከው አንተ ነህ። ደግሞ አንተ መናገር ታውቅበታለህ።»

የመጨረሻዋ ነገር ምስጋና እንዳልሆነች ከድምፅዋ ገባኝ።

ኮሌጁ ገርጂ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ስሙን ተዉት። የጤና ትምህርት ይሰጣል። ከቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ጀርባ አንባቢ የማይገባበት አንድ ረዥም ክፍል ነበር፤ ጆርናሎቹ ያሉት እዚያ ነው። ሰው መጥቶ በመስኮት ይጠይቃል፣ እኛ ከመደርደሪያ አውጥተን እንሰጣለን። እኛ ማለት ጋሽ ሄራሞና እኔ ነን። እሳቸው ኃላፊ ናቸው፣ እኔ በሥራቸው ያለሁ ብቸኛ ሠራተኛ። ጠዋት መስኮቱ የእኔ ነው፣ ከሰዓት የእሳቸው።

ጋሽ ሄራሞ የሆሳዕና ሰው ናቸው። ከቁመታቸውና ከቅጥነታቸው የተነሳ መደርደሪያዎቹ መካከል ቆመው ከሆነ የትኛው መደርደሪያ እንደሆነ የትኛው እሳቸው እንደሆኑ ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ ይለብሳሉ። መነጽራቸውን በሲባጎ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። ሲሠሩ መዝሙር ያንጎራጉራሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ከማለቱ የተነሳ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሽቦ ተቃጥሎ የሚጮህ መስሎኝ ኤሌክትሪሺያን አስጠርቼ አውቃለሁ። ሰውዬው ግድግዳውን ሁሉ ከነካካ በኋላ ወደ ጋሽ ሄራሞ ጠጋ ብሎ አዳመጠና «ችግሩ እዚህ ነው» አለ። እሳቸው ሳቁ። «ተባረክ» አሉት፤ ለሁሉም ሰው የሚሉት ይህን ነው።

ሌላ ነገር ነበራቸው። ጆርናል ሲሰጡ ከወንበራቸው ይነሳሉ። ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው፣ ለክብር እንግዳ ውሃ እንደሚያቀብል ሰው ትንሽ ጎንበስ ብለው ይሰጣሉ። ለዲኑም እንዲሁ ነው፣ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪም እንዲሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ የተነሱትን አንድ ላይ ብትደምሩት ራስ ዳሽን ጫፍ ደርሰው ተመልሰዋል። እኔ አልነሳም። የእኔ ወንበር ጎማ አለው፤ እየተንሸራተትኩ ነው የማገለግለው።

አንድ ቀን ዲኑ ሳይታሰቡ ገቡ። የአንዱን መደርደሪያ ጫፍ በጣታቸው ጠርገው አቧራውን አዩት።

«ጋሽ ሄራሞ፣ ይሄን ሁሉ ወረቀት አሁን ማን ያነባል? ሰው ሁሉ በስልኩ ነው የሚያነበው። ማስመጣቱን እናቁምና ክፍሉን የኮምፒውተር ክፍል እናድርገው።»

ዲኑ ይህን ሲሉ በግቢው ውስጥ ኢንተርኔት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። እኔ ይህንኑ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ጋሽ ሄራሞ በዓይናቸው ዘጉት።

«ዶክተር፣ ማን እንደሚያነብ እርስዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም» አሉ። «አንድ ዓመት ይስጡኝና እንቁጠር።»

«ምኑን ነው የምንቆጥረው?»

«ጥያቄውን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆርናል የሚፈልግ ሁሉ ቢጫ ወረቀት ይሞላል፤ ስም፣ ትምህርት ክፍል፣ የጆርናሉ ስም፣ ቅጽና ገጽ። አንድ ጥያቄ አንድ ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ጆርናል አንድ ካርቶን ይዘጋጃል፣ ወረቀቱ በየካርቶኑ ይገባል። በዓመቱ መጨረሻ ይቆጠራል። ሃያ ወረቀት ያልሞላለት ጆርናል ይቀራል፣ የሞላለት መምጣቱን ይቀጥላል፣ ክፍሉም ክፍል ሆኖ ይኖራል። ዲኑ በሰው ፊት ተስማሙ። የጋሽ ሄራሞ ልጅ ማርታ ቦሌ ለሚ ጫማ ፋብሪካ ውስጥ ስለምትሠራ ካርቶኖቹን እሷ አመጣች። በሳምንቱ መደርደሪያው ላይ የጫማ መደብር የሚያህል ካርቶን ተደረደረ። አንድ ተማሪ መጥቶ አርባ አንድ ቁጥር አለ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ኧረ አልጠየቀኝም፤ ግን ቢጠይቀኝ አይገርመኝም ነበር።

ጋሽ ሄራሞ ለቆጠራው ሕግ አወጡ። አንባቢው በራሱ እጅ ይጽፋል፣ እኛ አንጽፍለትም። የጠየቀውን አጥቶ የሚመለስ ሰውም ወረቀቱ ይቀመጣል፣ ጥጉ ላይ በቀይ ምልክት ይደረግበታል። «አጥቶ የሄደ ሰው ከሁሉም በፊት መቆጠር አለበት» ይሉ ነበር። «ምን እንደሌለን የሚነግረን እሱ ነው።» ከሁሉ የሚደጋግሟት ግን ሌላ ናት፦ «ያልተጻፈ አልተጠየቀም።» በቀን ሃያ ጊዜ ይሏታል። እኔም ድምፃቸውን እያስመሰልኩ፣ መነጽር እንዳለው ሰው አንገቴን እየሰበርኩ እላታለሁ፤ ተማሪዎቹ ይስቃሉ።

«ጠይቆ ሳያነብ የሚመልስስ?» አልኳቸው አንድ ቀን ላስቸግራቸው ብዬ።

«መጠየቅ ማንበብ አይደለም፣ ፍሬው። አውቃለሁ። ግን ከመገመት ይሻላል። ሰው ሳይፈልግ ተነስቶ አይጠይቅም።»

ያችን እምነታቸውን ለማፍረስ ሁለት ወር አልፈጀብኝም።

የጠዋቱ መስኮት ደንበኞች ወዳጆቼ ናቸው። ከእነሱ ዋናዋ ሲስተር ዘይነባ ናት። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከክፍል ወጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ከመሄዷ በፊት፣ ነጭ ጋዋኗን ደርባ፣ ሂጃቧን እያስተካከለች እየሮጠች ትመጣለች። የምትፈልገው ስለ አራስ ሕፃናት የሚጽፈውን ጆርናል ነው። ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናትን በእናታቸው ደረት ላይ አስተኝቶ የማሞቅ ነገር ላይ ትሠራ ነበር። በጤና ጣቢያው አንድ ክፍል ለዚህ እንዲሰጣት ትለምናለች፤ እነሱ ደግሞ መመሪያውን ጽፈሽ አምጪ፣ ምንጭሽንም አሳዪ ይሏታል። ያንን የምትጽፈው ከእኛ መደርደሪያ ነው።

በቆጠራው የመጀመሪያ ቀን ቢጫውን ወረቀት ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ አየኋት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሙሉ ተብሏል እኮ።»

«አንቺ ደግሞ። እንግዳ ነሽ እንዴ? ይልቅ እንዳይረፍድብሽ።» ብዬ ጆርናሉን በመስኮት ሰጠኋት።

እኛ ዘንድ የምታውቀውን ሰው ፎርም ሙላ ማለት አላውቅህም እንደማለት ነው። ዘይነባ ደግሞ አልፎ አልፎ ከቤቷ ቆጮ በአይብ ጠቅልላ ታመጣልኛለች። ቆጮ ያበላችህን ሴት ስምሽን፣ ትምህርት ክፍልሽን፣ ቅጽና ገጽ ጻፊ ትላታለህ? አፌ እንቢ አለኝ። ለእሷ ብቻም አይደለም፤ ለሰላምተኞቼ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። በእኔ መስኮት ወረቀት የሚሞላው ፊቱን የማላውቀው ወይም ፊቱን የማልወደው ሰው ብቻ ነበር። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት የተለካው የጆርናሎቹ አገልግሎት ሳይሆን የእኔ ኩርፊያ ነው ማለት ነው።

የሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ጋሽ ሄራሞ ወረቀቶቹን በሁለት ክምር ለይተው ጠበቁኝ።

«ፍሬው፣ የከሰዓቱ ይሄ ነው፣ የጠዋቱ ይቺ ናት። ጠዋት ሰው አይመጣም?»

«ጠዋት የተማረ ሰው ይተኛል፣ ጋሽ ሄራሞ።»

«ስገባ በረንዳው ላይ ቆመው አያቸዋለሁ እኮ።»

«እነሱ ሰላም ሊሉኝ ነው።»

አልተቆጡም። «ተባረክ፣ ግን አስጽፋቸው» ብለው ሄዱ። በማግስቱ ማስጻፍ ነበረብኝ። ሁለት ወር ሙሉ በወዳጅነት ያስተናገድኩትን ሰው ከዛሬ ጀምሮ ተጻፍ ማለት ግን ከበፊቱም ባሰ። ስለዚህ የጎደለውን ቁጥር ራሴ ልሞላው ወሰንኩ። አጠገቤ አንድ ባዶ ካርቶን ነበር፤ ከሌሎች ጋር በስጦታ የመጣ፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ የዓሣ እርባታ ጆርናል ካርቶን። የሌላ ጆርናል ቁጥር ከማዛባ ማንም የማይጠይቀውን ላብዛ ብዬ አሰብኩ፤ ይህ እንደ ሕሊና ይቆጠርልኝ። ደግሞ ዓሣ ያስቃል።

ስም ከየት ይመጣል? የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ የአባላቱ ዝርዝር ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ከላይ ጀምሬ ወረድኩ። አናጢው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሁሉም የሥነ ምግብ ትምህርት ክፍል ሆነው ስለ ዓሣ ጠየቁ። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት እጽፋለሁ፤ አንዳንዱን በግራ እጄ፣ አንዳንዱን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሜ። ብቻዬን እየሳቅኩ። አንድ እድር ሙሉ ሰው ሳያውቀው የዓሣ ተመራማሪ ሆነ።

«ፍሬው፣ ስለ ዓሣ የሚጠይቅ ሰው በዝቷል» አሉ ጋሽ ሄራሞ አንድ ቀን፤ ፊታቸው በርቷል።

«ጾም ስለገባ ይሆናል» አልኩ።

እሳቸው ጴንጤ ናቸው፣ የጾሙን ሥርዓት ከሩቅ ነው የሚያውቁት። ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡና «በጾም ወራት ይጨምራል» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥተው የዓሣውን ጆርናል ከላይኛው መደርደሪያ አወረዱ፣ አቧራውን ጠረጉ፣ ጠያቂዎቹ ቆመው እንዳይጠብቁ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጡት። ይህም አልበቃቸው። በምሳ ሰዓት ምሳ ዕቃቸውን ከፍተው፣ ጆርናሉን ከጎኑ ዘርግተው ያነቡ ጀመር።

«እርስዎ ደግሞ ዓሣ ሊያረቡ ነው?»

«አይ፣ አንዱ ከሰዓት ቢመጣ የቱን ገጽ እንደሚፈልግ ላግዘው ብዬ ነው። ኩሬው ሲሞቅ አየር ያጥራቸዋል፣ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ያን ቀን ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩም፤ በማግስቱ ሦስት ወረቀት ጻፍኩ።

ዓመቱ አለቀና ስብሰባው ተጠራ። ጋሽ ሄራሞ ያን ቀን በሹራባቸው ላይ ኮት ደርበው መጡ። ዲኑና የየትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎች ባሉበት የእያንዳንዱን ጆርናል ስምና የወረቀቱን ብዛት አነበቡ። አብዛኛው ከሃያ በላይ ነበር፤ ክፍሉ ዳነ። የዓሣ እርባታ ከሁሉም ሦስተኛ ወጣ። ዲኑ ቅንድባቸውን አነሱ፣ የሥነ ምግብ ኃላፊዋ ግራ ገብቷት ወረቀቷን አገላበጠች። ከዚያ ስለ አራስ ሕፃናት የሚጽፈው ላይ ደረሱ።

«አራት» አሉ። ቀና አላሉም። መነጽራቸውን አወለቁ። «ፍሬው፣ ይቺ አራት ልክ ናት? ሲስተር ዘይነባን ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ የማያት ይመስለኛል።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዘይነባ በስብሰባው አልነበረችም፤ ክፍል ላይ ነበረች። ልክ አይደለችም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ስድስት ቃል አይሞላም። እኔ ግን አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ የእሳቸውን ድምፅ አስመስዬ፣

«ያልተጻፈ አልተጠየቀም፣ ጋሽ ሄራሞ» አልኩ።

አዳራሹ ሳቀ። ዲኑ ሳቁ። ጋሽ ሄራሞም ፈገግ አሉ፣ መነጽራቸውን መለሱ፣ «ልክ ነው፣ ሕጉ የእኔ ነው» ብለው ፈረሙ። ከስብሰባው በኋላ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ምሳ ተጋበዝን። እኔ ዓሣ ጉላሽ አዘዝኩ፤ ለሳይንስ ስል ነው አልኩ፤ እንደገና ሳቁልኝ። ጋሽ ሄራሞ ከሰሃናቸው እምብዛም አልነኩም።

ወር ሳይሞላ የአራስ ሕፃናቱ ጆርናል መምጣቱ ቆመ፤ የቆዩት ቅጾችም በማዳበሪያ ጆንያ ታስረው ወደ መጋዘን ወረዱ። ዘይነባ ያን ሰሞን የክፍል ሰዓቷ ተቀይሮ ነበር፤ ከሰዓት መጣች፣ በጋሽ ሄራሞ መስኮት። እኔ ዝናብ እስኪያባራ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የሆነውን ነገሯት።

«ምን ማለት ነው ማንም አልጠየቀም? ጋሼ፣ እኔ አለሁ እኮ። ወላሂ ማክሰኞና ሐሙስ ቀርቼ አላውቅም።»

«ወረቀት ሞልተሽ ነበር?»

ዘይነባ በጋሽ ሄራሞ ትከሻ ላይ አሻግራ እኔን አየችኝ።

«እሱ እኮ እንግዳ ነሽ እንዴ እያለ» አለች ቀስ ብላ። «መመሪያው ግማሽ ላይ ነው ያለው። አሁን ከየት ላምጣ? ክፍሉን ለሌላ ይሰጡታል።»

ጋሽ ሄራሞ ወደ እኔ አልዞሩም። ቢጫ ወረቀት አንስተው፣ ከወንበራቸው ተነስተው፣ በሁለት እጃቸው ሰጧት። «ጻፊልኝ፣ ልጄ» አሉ። ጻፈች። ጥጉ ላይ በቀይ ምልክት አደረጉ።

ከዚያ ሁለት ቀን ካርቶኖቹን እያወረዱ ወረቀት በወረቀት አዩ። መዝሙሩ ቆሟል። በሦስተኛው ቀን ጠሩኝና አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይህ አቶ ጌታነህ ጎረቤትህ የነበረው ነው?»

«የትኛው?»

«ሚያዝያ ላይ አብረን የቀበርነው።»

አዎ፤ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ከጎሮ ድረስ መጥተው በቀብሩ ከጎኔ ቆመው ነበር። የወረቀቱ ቀን ግንቦት ነው። የእድሩን ዝርዝር የሞተ ሰው እንዳለበት ልብ ሳልል ነው የገለበጥኩት።

«ስም ይመሳሰላል» አልኩ።

«ዓሣ ይወድ ነበር?»

ይህን ያሉት ለማሾፍ አይደለም፤ ማሾፍ አያውቁም። መውጫ ሲሰጡኝ ነው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የምቀልደው ነገር አጣሁ። ካርቶኑን አንስተው መሐላችን አኖሩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«አንድም እውነተኛ የለም? አንድ እንኳ?»

«የለም።»

ካርቶኑን መልሰው ከደኑት። «እኔ እኮ» አሉ፣ «ስለ ኩሬው ውሃ ሙቀት በቃሌ ይዤው ነበር።»

ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እኔ የጠየቅኩት የመጀመሪያ ነገር ደግሞ ስለ ራሴ ነበር። «ለዲኑ ምን ሊሏቸው ነው?»

«የአንተ ውል መቼ ነው የሚታደሰው?»

«ሐምሌ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆች አሉህ» አሉ። ካርቶኑን ብብታቸው ሥር አድርገው ያን ቀን ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ።

ጋሽ ሄራሞ ወደ ዲኑ ቢሮ ሲገቡ በር ላይ ነበርኩ፤ በሩ በደንብ አይዘጋም። «ዶክተር፣ ቆጠራው ተበላሽቷል» አሉ። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የመስኮቱን ሥራ አልተቆጣጠርኩም። የአራስ ሕፃናቱ ጆርናል ይመለስ፣ ቆጠራው እንደገና ይጀመር።» ዲኑ ክፉ ሰው አይደሉም። «ጋሽ ሄራሞ፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም የሚሉት እርስዎ ራስዎ ከሆኑ፣ የቀረውን በምን ልመነው?» አሉ። መልሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። አልገባሁም።

ጆርናሎቹ በሙሉ ወደ መጋዘን ወረዱ፤ እውነተኛ ወረቀት የነበራቸውም አብረው። ክፍሉ የኮምፒውተር ክፍል ሆነ። ለጋሽ ሄራሞ ኮሪደሩ ላይ አንድ ጠረጴዛ ተሰጣቸው፣ ጡረታ እስኪወጡ እዚያ ተቀመጡ። እዚያ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በየሳምንቱ ሐሙስ ኢምፔሪያል ወጥተው ሁለት ታክሲ ይዘው ስድስት ኪሎ አካባቢ ወዳለ ሌላ ቤተ መጻሕፍት ይሄዳሉ። ዘይነባ የምትፈልገውን ጽሑፍ ኮፒ አስደርገው ከሰዓት ይመለሳሉ። ተነስተው፣ ቀኛቸውን በግራቸው ደግፈው ይሰጧታል። ለእያንዳንዱ ግን ቢጫ ወረቀት ያስሞሏታል። የሚቆጥረው ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ያስሞሏታል። መመሪያዋ አለቀ። ክፍሏንም አገኘች፤ አሁን እናቶች ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አስተኝተው የሚተኙበት ስድስት አልጋ አለበት።

አንድ ሐሙስ ኮሪደሩ ላይ አስቆሙኝ። «ፍሬው፣ ጉልበቴን አሞኛል። የዛሬን አንተ ትሄድልኛለህ?» አሉ። ከዓሣው በኋላ የለመኑኝ ነገር ይህ ብቻ ነው። የእድር ስብሰባ አለብኝ አልኳቸው። ስብሰባ አልነበረም። «ተባረክ» ብለው ራሳቸው ሄዱ፤ ደረጃውን የወረዱት መደገፊያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው።

በቀብራቸው ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ልናገር ተነሳሁ። ዘማሪዎቹ ዝም አሉ። ስለ መዝሙራቸውና ስለ ኤሌክትሪሺያኑ ተናገርኩ፣ ሰው በሐዘን መካከል ፈገግ አለ። ጆርናል ሲሰጡ ከወንበራቸው እንዴት እንደሚነሱ ተናገርኩ። ከዚያ አፌ ቀደመኝና የዓሣውን አወራሁ፤ አንድ የሥራ ባልደረባችን እያልኩ። የጾም ወራቱን ሳወራ ሰው እንባውን እየጠረገ ሳቀ። የኩሬውን ውሃ ሙቀት ሳወራ ዝም አለ። መናገር ስለማውቅበት ሁለቱም ተሳካልኝ።

ስቀመጥ ማርታ አጠገቤ መጣች። ከዘይነባ ጋር ነበረች።

«ያ ባልደረባችሁ ማን ነው?»

«ከለቀቀ ቆይቷል» አልኳት።

«አባዬ አልጋው ሥር አንድ ካርቶን ነበረው» አለች። «ማንም እንዲነካው አይፈልግም። ላዩ ላይ በቀይ አይቆጠርም ብሎ ጽፎበታል። ከፍተን ስናየው ስለ ዓሣ ነው። ግራ ገብቶን ነበር እኮ።» ከነጠላዋ ሥር አንዲት ቢጫ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችልኝ።

ዘይነባ ከእጇ ተቀበለቻት። አስተማሪ ናት፤ በቀን መቶ የእጅ ጽሑፍ ታነባለች። የእኔን ደግሞ የመስኮቱ ማስታወቂያ ላይ ዓመት ሙሉ አይታዋለች። ወረቀቷን አየች፣ እኔን አየች፣ አጥፋ ለማርታ መለሰችላት። የቀረበልኝን ምግብ በልቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያ ባልደረባ አልለቀቀም። ወረቀቶቹን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ሄራሞ የዓሣውን ጆርናል ከዳር እስከ ዳር አንብበውታል፤ እኔ አንዲት ገጽ አላነበብኩም። ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው የተመደብኩትም እኔ ነኝ፤ ለቦታው ሳመለክት በማመልከቻዬ ላይ የጆርናሎችን አጠቃቀም በመቁጠር ልምድ አለኝ ብዬ ጽፌአለሁ።